የጣት ስሜት ቅንጦት አይደለም

«እሱ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው።» የተቆረጠ ነርቭ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ሟምቶ በሚጠፋ ቱቦ ሊገናኝ እንደሚችል በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ይባላል፣ በጀት በሚደለደልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይባላል፣ እጁ የደነዘዘበት ሰው ራሱ ሳይቀር «ምን ይደረግ፣ ነርቭ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ» እያለ ይደግመዋል። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ባላቸው ጥቂት ነገር ብዙ ለመሥራት የሚታገሉ ናቸው። ግን ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም የሰው እጅ እያስከፈለ ነው።

ክርክራቸው በሙሉ ጉልበቱ ሲቀርብ እንዲህ ነው። ጓንትና ኦክስጅን በሚያልቅበት፣ እናት በወሊድ ደም ፈስሷት በምትሞትበት አገር፣ ከጣት አንጓ ለማትበልጥ ቱቦ በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፍ ዶላር መክፈል ፍትሕ አይደለም። የነርቭ መቆረጥ አይገድልም፤ የሚገድለው ይቅደም። ደግሞም ቱቦ የግድ አይደለም፦ ከታማሚው ከራሱ እግር ነርቭ ተወስዶ በጎደለው ቦታ ይሰፋል፤ ለዚህ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፣ የዓለም ቀዶ ሐኪሞችም ሌላውን ዘዴ ሁሉ የሚመዝኑት እስከ ዛሬ በእሱ ነው። እጁ እንዲንቀሳቀስ ከተፈለገ ጅማት ማዛወር አለ። በዚያ ላይ የእኛ ታማሚ ወራት አሳልፎ፣ ቁስሉ ጠባሳ ይዞ ነው ሐኪም ፊት የሚቀርበው። ታዲያ ቱቦው ቢኖርስ ለማን ይጠቅማል?

በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ እውነት አለ። አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ግን አይቆሙም፤ ምክንያቱም ሁሉም የተሠሩት የተቆረጠ ነርቭ የሞተ ነገር ነው ከሚል ያልተነገረ እምነት ላይ ነው።

የተቆረጠ ነርቭ የሞተ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ እንዳሳየው፣ የሚበሰብሰው ከቁስሉ በታች ያለው የነርቭ ክር ነው። በክንድና በእግር ከሚዘረጉት ነርቮች ከቁስሉ በላይ ያለው ክፍል፣ ዋናው ሕዋስ በሕብለ ሰረሰር ውስጥና አጠገብ ስለሚገኝ፣ በሕይወት ይቆያል። ዝም ብሎም አይቀመጥም፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወደ ታች ያድጋል። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለዚህ ዕድገት ማንም አይከፍልም፤ የሀብታም ነርቭም ከድሃ ነርቭ ፈጥኖ አያድግም። የሚፈልገው መንገድ ብቻ ነው። መንገድ ሲያጣ በቁስሉ አፍ ላይ ድጋፍ እንዳጣ ሐረግ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ሲነኩት የሚያቃጥል እብጠት ይሆናል።

ቱቦው የሚሰጠው ያንን መንገድ ነው። ሁለቱ የነርቭ ጫፎች በሁለቱ አፎቹ ገብተው በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይያዛሉ። ውስጡ ነርቩ ራሱ በሚያመነጨው ፈሳሽ ይሞላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋይብሪን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ቀጭን ገመድ ይዘረጋል፤ በዚያ ላይ የነርቭ ክርን የሚሸፍኑት የሽዋን ሕዋሳትና የደም ሥሮች ይሄዳሉ፣ የነርቭ ክሮችም ይከተላሉ። ስዊድናዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዮራን ሉንድቦርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንን በአይጥ ነርቭ ላይ በሲሊኮን ቱቦ ሲፈትኑ፣ ነርቩ የ10 ሚሊሜትር ክፍተት ተሻገረ፤ 15 ሚሊሜትሩን ግን አልተሻገረም። ሲሊኮን ደግሞ አይሟሟም። እዚያው ቀርቶ ነርቩን ሊጨምቅ ስለሚችል ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቱቦው እንዲሟሟ የተደረገው ማንን ለማገልገል ነው? ከሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ርቆ የሚኖር ሰው ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መመለስ አያቅተውም። የሚያቅተው የመጓጓዣ ገንዘብ ተበድሮ ከወረዳ የመጣው ገበሬ ነው። ሁለተኛ ጉዞ የማይጠይቅ፣ ሥራውን ጨርሶ በራሱ የሚጠፋ ዕቃ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ይህንን ሰው ነው። እኛ ግን «ለሠለጠነው ዓለም የተሠራ» ብለን ገፋነው።

«አይገድልም» ወደሚለው ልለፍ። እውነት ነው፣ አይገድልም። ግን ስሜት የጠፋበት እጅ ምን እንደሚሆን ከኢትዮጵያ በላይ የሚያውቅ አገር አለ? እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአለርት ማዕከል ለአሠርት ዓመታት ሲያክም የኖረው የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ነው። ሕዝቡ በሽታው ጣት ይበላል ብሎ ያምን ነበር። በሕንድ ቬሎር የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ ያሳዩት ግን ሌላ ነው፦ በሽታው ነርቩን ያደነዝዛል፤ ጣቱን የሚጨርሱት ታማሚው ሳይሰማው የያዘው ትኩስ ብረት፣ ሳይሰማው የወጋው እሾህ፣ ሳይሰማው ያመረቀዘው ቁስል ናቸው። የሥጋ ደዌ ያበላሸው ነርቭ በቱቦ ይጠገናል አልልም፤ እሱ ሌላ ጉዳት ነው። የምለው፣ ስሜት የሌለው እጅ ራሱን መጠበቅ እንደማይችል በገዛ ሆስፒታላችን ያየን ሰዎች «የጣት ስሜት ሊቆይ ይችላል» ማለት አይገባንም ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት አመልካች ጣቷ ደንዝዞ ከምጣዱ ጋር ስትውል ቆዳዋ መቃጠሉን የምታውቀው ከሽታው ነው። ሸማኔው የተበጠሰውን ድር የሚያገኘው በጣቱ ጫፍ ነው። እነዚህ ሰዎች አልሞቱም፤ እንጀራቸው ግን ተቋርጧል።

ደግሞ «የሚገድለው ይቅደም» የሚለውን መርሕ ማን በቅንነት እስከ መጨረሻው ይዞት ያውቃል? የዓይን ሞራ አይገድልም፤ እንገፍፋለን፣ እሰየው። የተሰበረ አጥንት በብረት እናያይዛለን። ሰው በሕይወት እንዲቆይ ብቻ ሳይሆን እንዲሠራም ስለምንፈልግ ነው። ነርቩ ሲሆን ብቻ ሚዛኑን የምንቀይርበት ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ምክንያት ይታየኛል፦ የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል፣ ያልተጠገነ ነርቭ ግን አይታይም። ቁስሉ ከላይ ይደርቃል፣ ስፌቱ ይወጣል፣ ታማሚው «ድነሃል» ተብሎ ይሸኛል።

አሁን ወደ ጠንካራው ነጥብ እንምጣ፦ ከራስ እግር የሚወሰድ ነርቭ አለ፣ ዋጋም የለውም። የመጀመሪያው ክፍል ልክ ነው። ሰፊ ክፍተት ላይ፣ በተለይም ትልልቅ የእጅና የክንድ ነርቮች ላይ፣ ከዚህ ዘዴ የሚበልጥ እስከ ዛሬ የለም፤ ይህንን የሚክድ ሻጭ ካለ አትመኑት። ሁለተኛው ክፍል ግን ሐሰት ነው። ዋጋ አለው። ነርቩ የሚወሰድበት እግር ይቆረጣል፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የእግሩ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም የተቆረጠው ጫፍ የሚያቃጥል እብጠት ይፈጥራል። የተወሰደው ነርቭ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ አንድ በአንድ መሰፋት አለበት። ይህ ሁሉ ሰዓት ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ከዶላርም በላይ የተወደደው ነገር የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ሰዓት መሆኑን የማያውቅ ማነው? ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ወራት የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት አገር የሐኪም ሰዓትን ከሒሳብ አውጥቶ «ነጻ ነው» ማለት ሒሳብ አይባልም።

ማስረጃውም ይህንኑ ይላል። ቀዶ ሐኪሞቹ ሱዛን ማኪነንና ሊ ዴሎን እ.ኤ.አ. በ1990 በሰውነት የሚሟሟ ቱቦ በ15 ሰዎች ጣት ነርቭ ላይ፣ እስከ 3 ሴንቲሜትር በደረሰ ክፍተት ተጠቅመው አብዛኞቹ ጥሩ ስሜት እንዳገኙ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 98 ሰዎችን፣ 136 የተቆረጡ የእጅ ነርቮችን በዕጣ ከፍሎ ቱቦውን ከተለመደው ጥገና ጋር አወዳደረ። በጥቅሉ ቱቦው አላነሰም፤ ክፍተቱ 8 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ነርቮች ላይ እንዲያውም ከራስ ተወስዶ ከተተካው ነርቭ የተሻለ ስሜት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአውሮፓ ጥናት በእጅ አንጓ ዙሪያ ያሉትን ትልልቅ ነርቮች ይዞ ከ6 ሚሊሜትር ባልበለጠ ክፍተት የኮላጅን ቱቦን ከቀጥታ ስፌት ጋር አነጻጸረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ እኩል ነበር፤ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ግን በቱቦው አጠረ። የሐኪም ሰዓት ለሚያንሰው አገር ከዚህ በላይ የሚናገር ግኝት ምን አለ?

ጅማት ማዛወርን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። ድንቅ ሥራ ነው፤ የወደቀ አንጓ ያነሣል፣ የተቆለመመ ጣት ያቃናል። ስሜት ግን አይመልስም። አንዱ ለእንቅስቃሴ፣ ሌላው ለስሜት ነውና አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቆጨኝ የመዘግየቱ ክርክር ነው፤ እውነታውን ይይዝና ተቃራኒውን ይደመድማልና። አዎን፣ ታማሚዎቻችን ይዘገያሉ። መዘግየት በነርቭ ላይ ምን ያደርጋል? በዕለቱ የተቆረጠ ነርቭ ጫፎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ተጎትተው፣ ሳይወጠሩ፣ ፊት ለፊት ይሰፋሉ። ቱቦም ሌላ ነርቭም ላያስፈልጋቸው ይችላል። ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ግን ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ በጠባሳ ይታሰራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ጤነኛውን ነርቭ ለማግኘት ጠባሳውን መቁረጥ አለበት፤ በቆረጠ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ያንን ክፍተት በኃይል ስቦ ቢሰፋ ውጥረቱ የነርቩን ደም ዝውውር ያፍናል፣ ጥገናው ይከሽፋል። ስለዚህ መሻገሪያ የሚያስፈልገው ለማን ነው? በሰዓታት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ለሚተኛው ለስቶክሆልም ታማሚ ወይስ ከሦስት ወር በኋላ ለሚመጣው ለወልዲያ ታማሚ? መዘግየት ቱቦውን አላስፈላጊ አያደርገውም። እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዘገየው ሰው ነው።

የጊዜ ወሰን እንዳለ አልክድም። ነርቭ የተቋረጠበት ጡንቻ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተደረሰለት መልሶ አይታዘዝም። ስሜት ግን ከዚያም በኋላ ሊመለስ ይችላል። ሁሉም የደነዘዘ እጅ ወዲያው ይከፈት ማለትም አይደለም፤ ከአጥንት ስብራት ጋር የተመታ ነርቭ ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥ ዝም ይላልና በክትትል ሥር ወራት ይጠበቃል። ይህንን የሚለይ ሐኪም ያስፈልጋል። ታዲያ የሐኪሙ እጥረት ሐኪሙን ለማሠልጠን ነው የሚገፋፋን ወይስ ዕቃውን ለመከልከል?

ቀሪው ዋጋው ነው። ይህ ቱቦ ከምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደው የመጀመሪያው ሟሚ የነርቭ ቱቦ ከፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቀዶ ሕክምና ክር ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። በየቀዶ ሕክምና ክፍላችን የሚታወቀው ቪክሪል የሚባለው ክርም ዘጠኝ አሥረኛው የሚሠራው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሰውነት በውሃ አፍርሶ ያስወግደዋል። እናት በቀዶ ስትወልድ ሆዷን የምንሰፋበት ነገር፣ ቅርጹ ቱቦ ሲሆን ብቻ ቅንጦት ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2001 የኮላጅን፣ በ2003 ደግሞ የላክቲክ አሲድና የካፕሮላክቶን ቱቦዎች ተከትለዋል። የፈጠራ ባለቤትነት መብት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው የሚቆየው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የተገለጸን የቱቦ አሠራር ዛሬ ማንም እንዳይሠራው የሚከለክል የለም። ዋጋው ከፍ ያለው ገዢው የሀብታም አገር ሆስፒታል፣ ሻጩም ጥቂት በመሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ዋጋ ሲፈርስ በቅርባችን አይተናል። በዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ በአንድ ወቅት ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ «ለድሃ አገር የማይሆን» ዕቃ ነበር። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ይህንን አልቀበልም አለ፤ በስሙ የተቋቋመው ድርጅትም እሱ ከሞተ በኋላ አንዱን የሌንስ ፋብሪካ በካትማንዱ፣ ሌላውን በአሥመራ ከፈተ። የሌንሱም ዋጋ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። በአሥመራ! ከሠላሳ ዓመት ጦርነት ገና በወጣች ከተማ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ተሠራ። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር፤ አዋቂዎች ለአፍሪካ አይሆንም ሲሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ በነጻ መስጠት ጀመረች። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለው የተቀመጡት ተሳስተው ነበር።

«ታዲያ የታማሚውን የራሱን ደም ሥር እንደ ቱቦ ብንጠቀምስ?» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ልክ ናቸው፤ አጭር ክፍተት ላይ ተፈትኗል፣ ይሠራልም። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ በጠባሳ መካከል ሊጨፈለቅ ይችላል እንጂ ዕቃ በሌለበት ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን ይህንን የሚል ሰው ዋናውን ነጥቤን ተቀብሎኛል። ነርቭ በቱቦ ውስጥ እንደሚያድግ፣ ይህም በወረዳ ሆስፒታል እንኳ ሊታሰብ እንደሚችል አምኗል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረን የዕቃ ምርጫ ነው፤ «ቅንጦት» የሚለው ቃል ከክርክሩ ወጥቷል።

ቱቦው የማይችለውን ደግሞ በግልጽ ልበል፤ ከተቃዋሚዎቼ ይልቅ ነገሩን የሚጎዱት ተአምር የሚያወሩለት ናቸውና። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ባዶ ቱቦ መተማመኛ አይሆንም፤ በትልልቅ ነርቮች ላይ ከዚያ ባነሰ ክፍተትም የከሸፈባቸው ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ከአንገት ሥር የተነቀለ ነርቭ በቱቦ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ነርቭን በኤሌክትሪክ አነቃቅቶ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ገመድ አልባ መሣሪያ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች የዕድገት ፕሮቲን ቀስ በቀስ በሚለቅ ቱቦ በዝንጀሮ ክንድ የ5 ሴንቲሜትር ክፍተት አሻግረዋል። ታላቅ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ ግን ለታማሚዎቻችን እነሱን ጠብቁ ማለት «ቅንጦት ነው» ከማለት አይሻልም፤ ሁለቱም ያለውን ነገር ይነፍጋሉ።

ያለው ነገር ይህ ነው፦ የተቆረጠ የጣት ወይም የመዳፍ ነርቭ፣ ከ3 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ክፍተት፣ የሚሟሟ ቱቦ፣ ጥቂት ስፌት። ይህ ብቻ እንዲጀመር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዕቃውን ይመዝግብ፤ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በጅምላ ጨረታ ይግዛው፤ የእጅና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ያላቸው ሆስፒታሎች የእያንዳንዱን ታማሚ የጣት ስሜት ለሁለት ዓመት እየለኩ ይመዝግቡት። የጅማና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ ቀጭን ዘንግ በፖሊመር ውህድ ነክሮ ቱቦ መሥራት፣ ጥንካሬውንና የሚሟሟበትን ጊዜ መለካት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለአገርም የሚጠቅም ሥራ ነው። በአስቸኳይ ክፍል የተቆረጠ እጅ የሚሰፋ ሐኪም ሁሉ ቆዳውን ከመዝጋቱ በፊት የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ነክቶ «ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ ይጠበቅበት። ይህኛውማ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

አንድ የሃያ ዓመት ወጣት መዳፉ በተሰበረ መስታወት ተቆርጦ፣ ነርቩ ከላይ በቀን አንድ ሚሊሜትር እያደገ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ላይ ደርሶ ሲቆም፣ የቆመው አገሩ ድሃ ስለሆነች አይደለም። ያንን ሁለት ሴንቲሜትር የሚሸፍነው ቱቦ ከሚሰፋበት ክር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ከተፈቀደ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፣ እንዴት እንደሚሠራም በይፋ ታትሟል። ነርቩን መንገድ የነፈግነው እኛ ነን፤ የነፈግነውም ሳንመረምር በደጋገምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።